ቡና የኛ ነው፤ ለቀዩ ፍሬ ግን ማን ይክፈል?

በየዓመቱ መስከረም 21 አካባቢ፣ ዓለም አቀፉ የቡና ቀን ሲደርስ፣ ስልካችን በጀበና ፎቶ ይጥለቀለቃል። «ቡና የኛ ነው!» የሚል ፖስት፣ ከሥሩ ደግሞ «የየመን ነው» ከሚሉት ጋር የኮሜንት ጦርነት፣ አንዳንዴም ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ አጭር ቪዲዮ። ላይክ እናደርጋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ እናልፋለን።

ክርክሩን አልጠላውም። እውነትም የኛ ነው። አረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ዛሬም ከፋ፣ ሸካ ወይም ያዩ ብትሄዱ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ታገኙታላችሁ። «አረቢካ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሳይንቲስት ሊኒየስ ስም ሲያወጣለት አውሮፓውያን ቡናን የሚያውቁት በየመን በኩል ስለነበረ ነው። ስሙ ወደዚያ ሄደ፤ ሥሩ ግን እዚሁ ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የኛ ከሆነ ምን ያህል እናውቀዋለን? ዛሬ ከሰዓት ጀበና ቡና ቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ስትሉ የምታፈላውን ልጅ «ይሄ ቡና የየት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ከመርካቶ ነው የገዛሁት» ካለቻችሁ አትሳቁባት። አብዛኞቻችን ከዚያ ወዲያ አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንዲህ ነው። የቡና ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ዝናብ ሲያገኝ ነጭ አበባ ያወጣና ማሳውን በሽታው ያውደዋል። አበባው በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ ፍሬው ግን እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይወስዳል። ለቀማው እንደየአካባቢው ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ይዘልቃል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ፍሬ እኩል አይበስልም። አንዱ ቀልቶ ሌላው ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ደህና ቡና የሚፈልግ ገበሬ ቀዩን ብቻ በእጁ እየመረጠ ይለቅማል፣ ሌላው እስኪቀላ ይጠብቃል፣ እንደገና ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት የሚገኘው ጥሬ ቡና አንድ ኪሎ ቢሆን ነው።

ለቅሞም አላበቃም። የሚታጠብ ከሆነ በዚያው ቀን መፈልፈል፣ በገንዳ ውስጥ ማቆየት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ አለበት። ሳይታጠብ ከነቆዳው የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እየተገላበጠ፣ ከዝናብና ከሌሊት ጤዛ እየተሸፈነ ይጠበቃል። አንድ ቀን ችላ ቢሉት ይሻግታል፤ የወራት ልፋት ገደል ይገባል።

ቀዩ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ጣፋጭነቱ ያለው እሱ ውስጥ ስለሆነ ነው። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ሌላው ሁሉ ጠቁሮ አንዳንዱ ፍሬ ገርጥቶ ሲቀር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ብዙ ጊዜ ሳይበስል የተለቀመ ነው። አፍ ላይ ሣር ሣር የሚለው፣ ምላስ የሚይዘው እሱ ነው።

ታዲያ ገበሬው አረንጓዴውን ለምን ያረግፈዋል? «ስላልተማረ ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። ቡናን ከአያቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ቀይና አረንጓዴ መለየት አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ነው። ለቀማው ከመድረሱ በፊት ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የበዓል ወጪ ይከመርበታል። ፍሬው እስኪቀላ ዛፍ ላይ ቢተወው ሌሊት ሌባ ይለቅምለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዢው ቀዩንና ድብልቁን በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዋጋ ከወሰደበት፣ ለምን ሦስት ጊዜ ይመላለስ? በሱ ቦታ ብንሆን እኛም አንመላለስም ነበር።

ዋጋው ካላዋጣ ደግሞ ገበሬው ዛፉን ይነቅላል። ሐረርጌን ተመልከቱ። በዓለም ገበያ በስሙ የታወቀ ቡና የሚወጣበት ምድር ዛሬ ብዙ ማሳው ጫት ነው። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። ገበሬውን ልወቅሰው አልችልም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው።

ለልፋቱ የሚከፍል ሲገኝ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሂዶ ነበር። አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ አንድ ፓውንዱ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳን የማይሞላው፣ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። ያ ቡና ከሰማይ አልወረደም። ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ማን እንዳመረተው ስለታወቀ ነው ገዢው የከፈለው። ስሙ ሳይታወቅ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ቡና ይሸጥ ነበር።

«እሱ የፈረንጅ ገበያ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባናል። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ለገበሬው ከኛ የሚበልጥ ደንበኛ የለውም። ነገር ግን ሕጉ ለብዙ ዓመታት ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና እዚህ እንዳይሸጥ ከልክሎ ስለቆየ፣ ደህናው እየተሸኘ ለኛ የሚቀረው ከደረጃ የወደቀው ነበር። በዚያ ላይ አክርረን ቆልተን፣ ስኳር ሞልተን ስለምንጠጣው ልዩነቱን መጠየቅ ትተናል። የበይ ተመልካች መሆን ሲለመድ አይታወቅም።

የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስፈልገን ይገባኛል። ኑሮ እንደተወደደም አውቃለሁ፤ አንድ ስኒ ቡና ራሱ የሚታሰብበት ሆኗል። ሁሉም ሰው ውድ ቡና ይግዛ እያልኩ አይደለም። ግን ስልክ ለመግዛት ራሙን፣ ካሜራውን፣ ባትሪውን ሳምንት ሙሉ የምናጠና ልጆች፣ ቡና ስንገዛ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አያቅተንም። የየት ወረዳ ነው? የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ? የታጠበ ነው ያልታጠበ? ቀዩ ተለይቶ ነው የተለቀመው? ሻጩ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። አሥር ሰው ከጠየቀው ግን እሱም አቅራቢውን ይጠይቃል፤ አቅራቢውም ሰብሳቢውን። ጥያቄው እንዲህ እየወረደ ገበሬው ጋ ሲደርስ ለቀዩ ፍሬ ትንሽ ጭማሪ ይዞ ከሄደ፣ ገበሬው የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል።

ቡና ቆልታችሁ፣ አሽጋችሁ በቴሌግራም የምትሸጡ ወጣቶችም አላችሁ። ማሸጊያው ላይ የጀበና ሥዕል ብቻ አታድርጉ። ወረዳውን፣ የተለቀመበትን ጊዜ፣ ከተቻለም የገበሬውን ስም ጻፉበት።

መስከረም 21 ሲመጣ ፖስታችሁን አትተዉ፤ እኔም አልተውም። ግን ከየመን ጋር ከመከራከራችን በፊት ስኒያችን ውስጥ ያለው ቡና ከየት እንደመጣ እንወቅ።