ልጆቻችን ወገናቸውን ከማን ይማራሉ?



ስለ ወጣቶቻችን ያሳሰበኝን አንድ ጉዳይ በዓምዳችሁ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በማስተምርበት ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው አንዱን መጽሐፍ በኅብረት የሚያነቡ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ቀን ጧት ግን አንዱ በበሩ፥ ሌላው በመስኮቱ በኩል ተለያይተው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ብጠይቅ በቲክቶክ ያዩት የግማሽ ደቂቃ ንግግር ነው። አንደኛው «ወገኔን ሰደበ» ይላል፤ ሁለተኛው «እውነቱን ተናገረ» ይላል። እኔም ራሴ ሰምቼው በልቤ ፈርጄ ነበር። ሙሉውን ፈልገን ስናዳምጥ ግን ተናጋሪው ያን ቃል የጠቀሰው ሊነቅፈው ኖሯል!

ነገሩ የሁለት ልጆች ጠብ ብቻ ቢሆን ጋዜጣችሁን ባላስቸገርሁ ነበር። ዳሩ ግን ወጣቱ «ወገኔ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከስልኩ መቀበል ጀምሯል። ስልኩም ደጋግሞ የሚያቀርብለት ስሜቱን የቀሰቀሰውን ነው። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ፥ ይህ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጎሣ ግጭትን እንደሚያባብስ መስክራለች።

ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ ጥፋተኛን ይቀጣል፤ እገዳም መንገድ ይዘጋል እንጂ ማመዛዘንን አያስተምርም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ጥቅስ የጠቀሰ ተማሪ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳያነብ አይቀመጥም ነበር። ያን ጊዜ ቅጣት መስሎኝ ነበር፤ ጥቅሙ የገባኝ አሁን ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተመድቦ፥ ተማሪዎች በስልክ ያዩትን ማን፥ መቼ፥ ለምን እንደተናገረው ቢመረምሩ መልካም ነው እላለሁ። ወላጆችም ማታ ማታ «ዛሬ ምን አየህ? ምንስ አየሽ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለቱ ልጆች ታርቀዋል። ዴስካቸው ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደተለያየ ቀረ።

አንድ የታሪክ መምህር
ከደሴ