የመካኒኩን ሒሳብ ማን ከፈለው?

ከእኛ ከድንበር ነጋዴዎች መካከል ዕቁብ ሲደርሰው ቪትዝ ወይም ያሪስ መግዛት የማያስብ ጥቂት ነው። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ዕቃ ትይዛለች፣ ቤንዚንም ብዙ አትጠጣም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ቀለም እየተቀቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሞያሌ ማዶ ኬንያ ያሉት ደግሞ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ለእኛ አይሆኑም።

እኔ የመጀመሪያዬን ቪትዝ ስገዛ መኪናዋን ያመጣው ደላላው ነው፤ መካኒኩንም ያመጣው እሱ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና «እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ» አለኝ። ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሜጋ አልፌ ያቤሎ ሳልደርስ ውሃዋ ፈላ፤ ቴስታታዋ ተበላሸ። ዕቃዬን በሌላ ሰው መኪና አስጭኜ፣ መኪናዋን አስጎትቼ ተመለስኩ። በኋላ ሳጣራ መካኒኩ ከደላላው ኮሚሽን ተካፍሏል።

ኮሜርስ ስማር ሒሳብ መርማሪ ከሚመረምረው ድርጅት ጥቅም መካፈል የለበትም ተብዬ ነበር። መኪና ስገዛ ረሳሁት። ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ነው፦ መካኒኩን ራሳችሁ ፈልጉ፤ ራሳችሁ ክፈሉት፤ «ተይው» ቢላችሁም ሙሉ ሒሳቡን ክፈሉት። ገንዘቡን የሚያገኘው መኪናው ሲሸጥ ብቻ ከሆነ «አትግዢ» የሚልበት ምክንያት የለውም።

መካኒኩን ይዛችሁ ስትሄዱ እነዚህን አብራችሁ እዩ።

ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታልና ሌላ ቀን ተመለሱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን አስከፍቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ከታየ ተዉት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል።

ቀጥሎ ወደ ኋላ ዙሩ። ይህችን መኪና ከእናንተ በፊት የያዛትም እንደ እኛ ሲጭንባት ኖሮ ይሆናል። የኋላው ወለል ምንጣፍ ይነሳ፣ ትርፍ ጎማው ይውጣ። ከሥሩ ብየዳ፣ የተጨማደደ ላሜራ ወይም ዝገት ካለ ከኋላ ተገጭታ ሊሆን ይችላል። የኋላ በሯ ግራና ቀኙ እኩል ይገጥማል? ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ቦታ አይያዝም።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። በ«ኤስ ሲ ፒ» ወይም በ«ኬ ኤስ ፒ» የሚጀምር ከሆነ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ ስለዚህ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሯል። ፈረንሳይ የተሠራች ያሪስ በ«ቪ ኤን ኬ» ትጀምራለች። የተቀየረች ሁሉ መጥፎ ናት አልልም፤ ነገር ግን የመሪውንና የዳሽቦርዱን ሽቦ ሥራ መካኒኩ ይይ፤ በ«አውሮፓ» ዋጋም አትግዙ።

መጨረሻ ወረቀቱ፦ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። በውክልና የሚሸጥላችሁ ካለ ባለቤቱን በአካል አግኙት፤ ባለቤቱ ከሞተ ውክልናው ያበቃል።

«ላልገዛሁት መኪና ለምን እከፍላለሁ?» የሚሉኝ አሉ። ሁለተኛዋን ስፈልግ መካኒኬ ሦስት መኪና አስተወኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከፈልኩት። አራተኛዋን ገዛሁ፤ እስከ ዛሬ እየሠራሁባት ነው። ለሦስቱ የከፈልኩት ሲደመር የዚያን ቴስታታ ሩብ እንኳ አይሞላም።