ከአጥራችን ውጭ ያለው ንጽሕና የማን ነው?

የአንድ ሰፈር ጤና የሚታወቀው በየግቢው ውስጥ በሚታየው ንጽሕና ብቻ አይደለም። ግቢውን ጠርጎ፣ በረንዳውን አጥቦ፣ አበባውን ውሃ አጠጥቶ የሚውል ቤተ ሰብ ጥራጊውን ከበሩ ውጭ ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚጥል ከሆነ፣ ቆሻሻውን ከዓይኑ አራቀው እንጂ ከልጆቹ አላራቀውም። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው ሐሳብ ይህ ነው፤ ንጽሕና በአጥር የሚከለል የግል ሀብት ሳይሆን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በአንድነት የሚጠብቀው የጋራ ገንዘብ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ በኮተቤ በኩል፣ በምንኖርበት ሰፈር በእግራችን እየተዘዋወርን የተመለከትነው ነገር ነው። ሰፈሩ በየካ ተራራ ግርጌ ያለ ተዳፋት ስለ ሆነ ውሃው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ቤት የጣለው ፌስታል ለታችኛው ይደርሰዋል፤ ታችኛውም ለወንዙ ያስረክባል። የአጥሮቹን ውበት ለተመለከተ ሰው የሚያስመሰግን ነው፤ ግንቡ ተለስኗል፣ የብረት በሩ ተቀብቷል። ነገር ግን ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በጫት ገረባና ከግንባታ በተረፈ አሸዋ ተደፍኖ ይገኛል። በአንዳንድ ስፍራም ከግቢ ወደ ቦዩ የተቀበረ ቀጭን ቱቦ አፉን አውጥቶ ይታያል። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ያንጠባጥባል፤ የሚያንጠባጥበው የዝናብ ውሃ አለመሆኑንም ሽታው ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን በዚያው ቦይ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ተዘርግተው ማለፋቸው ነው። አንዳንዱ መጋጠሚያ በጎማ ቁራጭ ታስሯል። አደጋውን ለመረዳት የውሃን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ቧንቧው ሞልቶ ውሃው በኃይል በሚሄድበት ጊዜ፣ ስንጥቅ ቢኖርበት ንጹሑ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ እድፉ ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያቆረው እድፍ ውሃ በዚያው ስንጥቅ ተስቦ ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲመለስም በመጀመሪያ የሚቀዳው ባልዲ ይህንኑ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ከበሩ ውጭ የጣለው ነገር በማድጋው ተመልሶ እንደሚገባ ማን ያስተውላል?

ይህ ነገር በታሪክም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሰፈሩ እየተዘዋወረ የሞት አደጋ የደረሰባቸውን ቤቶች በካርታ ላይ ምልክት ቢያደርግባቸው፣ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ከሚገኘው አንድ የውሃ መቅጃ ዙሪያ ሆነው አገኛቸው። በኋላም ሲመረመር ከጉድጓዱ አጠገብ ከነበረ ቤት የቆሻሻ ጉድጓድ እድፉ ወደ ውሃው እየሰረገ ይገባ እንደ ነበር ታወቀ። በአገራችንም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ በኩል የተነሣው ኮሌራ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ440 ሺህ በላይ የሆኑ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ በሽታ ይሞታሉ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ዋናውን የፍሳሽ መስመር መዘርጋት፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧን ከቦይ ውስጥ አውጥቶ በሌላ ስፍራ መቅበር፣ የቆሻሻ መኪና በተወሰነ ቀን እንዲመጣ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ በአካፋና በዶማ የሚችለው አይደለም። ይህን የሚያከናውኑ መሥሪያ ቤቶች ሊጠየቁ ይገባል። ይህንንም በመንግሥት ጽሕፈት ቤት መጽሔት ላይ መጻፋችን አያሳፍረንም። ሆኖም ዛሬ የተሠራ ቦይ ነገ በፌስታል የሚደፈን ከሆነ፣ መንግሥት በየዓመቱ ቢቆፍር ምን ይጠቅማል? እንዲሁም ጥፋቱን ሁሉ በድኾች ላይ የሚጭን ሰው አልተመለከተም። ቱቦውን ወደ ቦይ ያወጣው ግንቡን ያስለሰነው ባለ ቤት ነው እንጂ፣ በጓሮ ክፍል ተከራይቶ ከ5 ቤተ ሰብ ጋር በአንድ መጸዳጃ የሚገለገለው ሰው አይደለም።

ስለዚህ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚከተለው እንዲደረግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ከአጥሩ ፊት ያለውን ቦይ ይጥረግ፤ የወጣውንም ደለልና ቆሻሻ በዳር አይከምረው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያገባዋልና። ሁለተኛ፣ ወደ ቦይ የሚፈስ የመጸዳጃ ቱቦ ያለው ሰው ዘግቶ ፍሳሹን ወደ ተገነባ ጉድጓድ ይመልሰው። ሦስተኛ፣ ከመቋረጥ በኋላ የመጣ ውሃ ድፍርሱ እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ይፍላ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ መቆየት አለበት። አራተኛ፣ በርሜልና ታንከር ይከደን። ይህን በተለይ በቆላ ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን እንናገራለን፤ አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘች ሲሆን፣ በከተማ ውስጥ ባልተከደነ የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች።

ለመምህራን ደግሞ አንድ የተለየ አደራ አለን። ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በሰፈሩ አንድ ጊዜ ተዘዋወሩ፤ ወደ ቦዩ ግን እንዳይገቡ ተጠንቀቁላቸው። የተደፈነውን ቦይ፣ የሚያንጠባጥበውን ቱቦ፣ በእድፍ ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ በካርታ ላይ ያስፍሩ። ካርታውም በክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቅር፤ አንዱ ቅጂ ለወረዳው፣ ሁለተኛው ለውሃ መሥሪያ ቤቱ፣ ሦስተኛው ለሰፈሩ ዕድር ይድረስ። «ሰፈሩ ቆሽሿል» የሚል አቤቱታ ሰሚ ላያገኝ ይችላል፤ ቦታውን በምልክት የሚያሳይ ካርታ ግን በቀላሉ አይታለፍም።

ዕድርን ያለ ምክንያት አላነሣንም። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ሌሊቱን አብሮ የሚያድር ሕዝብ መተባበርን አላጣም። ያው ማኅበር በወር አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዞ ቢወጣ፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን ይቀንሳል።