በአንድ ጎማ ወደ ጫካ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር ባለ አንድ ጎማ ቢስክሌት ሲመሽ በጫካ ውስጥ ቢነዳ ቅብጠት ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሰንሰለት የለው፤ መርገጫው በጎማው እምብርት ላይ ስለ ተተከለ እግር ሲቆም ጎማውም ይቆማል። እጅም ነፃ ነው፥ ባትሪ ይይዛል።

የሚያሳስበን የሚነዳበት ጫካ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከጥንቱ ደን የተረፈው፥ ጽዱም ወይራውም፥ አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ጣት የማያህለውን ችግኝ በጨለማ ማን አይቶ ይስተዋል? ነጂዎች ሆይ፥ ባሕር ዛፉ ሞልቶላችሁ የለምን! በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ቢቈረጥ እንኳ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ወይራ ግን እስኪያድግ ዘመን ይፈጃል። (ጅቡ እንደ ሆነ ለሁለቱም ጫካ አያዳላም።) እንግዲህ ከቅጥሩ ስንደርስ ከኮርቻው ወርደን፥ ጎማችንን በትከሻችን ተሸክመን፥ በውጭ ዞረን እንለፍ።