ደብዳቤውን ማን ከፈተው?

አንድ ሰው ከወላይታ ሶዶ ለእኅቱ ደብዳቤ ጽፎ፣ አሽጎና ቴምብር ለጥፎ ቢልክ፣ በመንገድ የከፈተው ሰው እንዳለ እኅቲቱ አይታ ታውቃለች። ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሙጫው ይላቀቃል። ኢሜል ግን በመንገድ ላይ ቢነበብ ምንም ምልክት አይታይበትም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚጠብቅልን ማን ነው?

ሕጉ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፣ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የኢትዮጵያውያንን የደብዳቤ ምስጢር ማንም እንዳይደፍር ከልክሎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም፣ እንደ አጋጣሚ ያው በ26ኛው አንቀጽ፣ በፖስታ የሚላከውን ደብዳቤና በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት አይደፈርም ብሏል።

ነገር ግን ከሶዶ የተላከ ኢሜል ከተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው በኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት መስመር አልፎ ነው። መልእክቱ የተመሰጠረ ከሆነ ድርጅቱ ቃሉን ማንበብ አይችልም፤ ሆኖም በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው መስመር፣ ከየትኛው የኢሜል ድርጅት ጋር እንደተገናኛችሁ ያያል። ስለዚህ ድርጅቱ እንደ በር ጠባቂ ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በአገራችን ሕዝቡን የሚያገለግለው የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመንግሥት ነው።

በሩ እንዴት እንደተጠበቀ ሂውማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ተመልክቷል። በ11 አገሮች ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ፣ የጸጥታ ሠራተኞች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የስልክ ጥሪ መዝገብ እንደሚያገኙ፣ የተቀዳ ንግግርም በምርመራ ጊዜ ለተያዙ ሰዎች እንደተሰማ ገልጿል። ከዚያ በፊት በ2005 ዓ.ም. በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች፣ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ፕሮግራም የሚታዘዝበትን ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ አግኝተው ነበር።

ይህ ፕሮግራም ምስጠራን መፍታት አያስፈልገውም፤ ከኢሜል ጋር በተያያዘ ፋይል አሳብቦ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባና ባለቤቱ የሚጽፈውን ሁሉ ያያል። በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒዩተሬ በዚህ መንገድ ተሰልሏል ሲል በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም ብሎ ክሱን ዘጋው።

መንግሥት ወንጀለኛን አይከታተል አንልም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነቱን መዝገብ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ አዘዘ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር በምስጢር እንዲጠበቅ ደነገገ። ግንኙነትን መጥለፍ በጣም ቢያስቸኩል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሊፈቅድ እንደሚችል፣ ሆኖም በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ እንዳለበትም ጻፈ። አስቸኳይ ለሆነው እንኳ ዳኛ ተመደበለት ማለት ነው።

ከቦዲቲና ከአረካ መጥታችሁ በሶዶ የምትማሩ፣ በዞኑ መሥሪያ ቤቶችም ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ሆይ፤ የማታውቁት ሰው የላከላችሁን ፋይል አትክፈቱ። ከዚህ የሚበልጥ ምክር ግን አለን። ነገ መዝገቡ በእጃችሁ ሲሆን፣ አንድ ባለሥልጣን በስልክ ደውሎ «የእገሌን ግንኙነት አውጣልኝ» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ አንባቢውን ሳታስቀይሙ በትሕትና «ጌታዬ፣ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመጣ ቁጥሩንና ቀኑን በገቢ መዝገብ ጽፋችሁ ፈጽሙ። ካልመጣ መዝገቡ ባለበት ይቆይ። በ1923 ዓ.ም. የተጻፈው ቃል ዛሬ የሚጠበቀው እንደ እናንተ ባለ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው።