የሕግ ሽፋን ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

ለንደን መኪና የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ኢንሹራንሱን በኢንተርኔት ሲገዛ፣ ዋጋው ወጥቶ ካርዱን መዞ ሊከፍል ሲል ብቅ ትላለች፦ «የሕግ ሽፋን ይጨምራሉ?» ለዓመት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ፓውንድ ናት። ግማሻችን «ሕግ» የሚል ቃል ሲያይ ደንግጦ ይጨምራል፤ ግማሻችን «ደግሞ ሌላ ሌብነት!» ብሎ ያልፋል። ውሉን ያነበበ ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

እስቲ ምን እንዳልሆነ እንጀምር። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ለተጎዳው ሰው ካሳ የሚከፍለው ዋናው ኢንሹራንስ ነው፤ ለዚያ ተጨማሪ ሳንቲም አያስፈልግም። የፓርኪንግ ቅጣት? እርሱት። ይህ ሽፋን የሚሠራው ጥፋተኛው ሌላው ሰው ሲሆን ነው። ኢንሹራንሳችሁ የማይተካላችሁን ኪሳራ ከዚያ ሰው ለማስመለስ ጠበቃ ያቆምላችኋል፦ ኤክሰስ ብላችሁ ከኪሳችሁ ያወጣችሁትን፣ ተኝታችሁ የቀረባችሁን ደሞዝ፣ የአካል ጉዳት ካሳ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ላለው ደግሞ የመኪናው ማሠሪያ ራሱ እዚህ ውስጥ ነው።

«ጠበቃ እንደሆነ ካላሸነፈ አያስከፍልም፣ ምን አስጨነቀኝ?» የሚል አይጠፋም። ድሮ ልክ ነበር። በፈረንጆቹ ሜይ 31 ቀን 2021 ግን በእንግሊዝና በዌልስ ነገሩ ተለወጠ። መኪና ውስጥ ሆኖ የተጎዳ አዋቂ ሰው፣ የጉዳት ካሳው ከ5,000 ፓውንድ ካልበለጠ ቢያሸንፍም የጠበቃውን ሒሳብ ሌላው ወገን አይከፍልለትም። ቀድሞ ወሰኑ 1,000 ነበር። በዚያው ቀን ለአንገት ጉዳት ተመን ወጣለት፤ እስከ ሦስት ወር ለቆየ ሕመም 240 ፓውንድ። በ2025 15 በመቶ ገደማ ጨምረውበታል፣ ተመስገን ነው። ለዚህ ብር ብሎ የሚሮጥ ጠበቃ የት ይገኛል? መንግሥትም «ራሳችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ» ብሎ ነፃ ድረ ገጽ ከፈተ።

እዚህ ላይ ነው የኛ ጉዳይ የሚለየው። እዚህ ተወልዶ ያደገው ልጅ ቅጹን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ የምትነዳዋ እህታችን ግን የሐኪም ሪፖርት አንብባ፣ ከኢንሹራንስ ሠራተኛ ጋር በእንግሊዝኛ ተከራክራ? «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብላ ትተወዋለች። ለእሷ 25 ፓውንድ የምትገዛው ጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ስልክ የሚደውልላት ሰው ነው። እኔ ብጠየቅ ለእሷ፣ ለሦስተኛ ወገን ብቻ ለገባው፣ በመኪናው እንጀራ ለሚበላው «ግዙ» እላለሁ። (የኡበር ሾፌሮች፣ የግል መኪና ኢንሹራንስ ለሥራችሁ አይሆንም፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።) ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ መኪና ለሚያስነሳው፣ እንግሊዝኛውም ለማይቸግረው ግን ገንዘቡን ቢይዝ ይሻለዋል። የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆናችሁም መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ፤ ሳታውቁት ሽፋን ሊኖራችሁ ይችላል።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ጠበቃውን ማን ይመርጣል የሚለው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ኩባንያው የራሱን ይሰጣችኋል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ከ1990 ጀምሮ ባለው ደንብ የመምረጥ መብቱ የናንተ ነው። ሁለተኛው ዋናው ወጥመድ ነው። የማሸነፍ ዕድላችሁ ከግማሽ በላይ ካልሆነ ሽፋኑ አይሠራም። አገር ቤት ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናው ንክች አይልም፤ እዚህ ሰው ካልተጎዳ ፖሊሱ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። ማስረጃ ሰብሳቢው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መኪናዎቹ ሳይነሱ ፎቶ አንሡ፣ የሌላውን ሾፌር ስምና ታርጋ ጻፉ፣ ቆሞ ያየውን ሰው ስልክ ቁጥሩን ሳትቀበሉ አትልቀቁት።