እድራችን ለተመለሱትም ይቁም

በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ በሩን ዘግቶ ጥግ የሚይዝ ሰው በየሰፈራችን አለ። ሌሊት ሲቃዥ ባለቤቱ እጇን ዘርግታ አትቀሰቅሰውም፤ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆማ ስሙን ትጠራለች። አንድ ቀን ነክታው፣ ማን መሆኗን ሳያውቅ አንቋት ነበርና። ጎረቤት «ነርቭ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልክፍት ነው»፤ ሌላው «መጠጥ አበዛ» ብሎ ያልፋል።

የእድር ዳኞች፣ የእድር አባላት፣ ጥሪዬ ለእናንተ ነው። ይህ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ቢሞት ነገ ጠዋት ድንኳን እንተክልለታለን። ወንበር እናወጣለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን ከቤተሰቡ ጋር እንቀመጣለን። በሕይወት እያለ ግን ማን አብሮት ተቀመጠ?

ይህን ጥፋት አንድ ጊዜ አጥፍተነዋል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ሜዳ ላይ ቀረ። መለዮውን እንደለበሰ በየመንገዱ የለመነውን የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። መቋቋሚያ የሚሰጥ ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ከምሽግ ይዘውት የመጡትን ቅዠት ግን የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ስንቶቻችን ነን በዚያ ዝምታ ውስጥ ያደግን!

አሁንም ያው ፈተና በራችን ላይ ደርሷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ አቅዷል። ኮሚሽኑ መሣሪያ ይረከባል፣ የመሸኛ ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚቀበለው ሰፈሩ ነው። በየትኛው ወገን ተሰልፎ ነበር ብላችሁ አትጠይቁ፤ እድር የሟችን ወገን ጠይቆ ቀብሮ አያውቅም።

ሕመሙ የሚታከም ሕመም ነው። ግንባር ላይ ነፍሱን ያተረፈለት ንቃት ቤቱ ከገባም በኋላ አልተወውም፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ደሙ ይፈላል፣ እንቅልፍ ይርቀዋል፣ አረቄ የሚያስተኛው ይመስለዋል። በሠለጠነ ባለሙያ እየታገዘ ያየውን ጥቂት በጥቂት ሲናገር፣ ትዝታው እንዳለፈ ነገር ቦታውን ይይዛል። መድኃኒትም ብዙዎችን ይረዳል። ጸበል የሚሄደውን አንከልክል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ኒው ዮርክ ውስጥ እርስ በርስ ተቀምጠው ያዩትን መነጋገር ጀመሩ፤ ሐኪሞችም አብረዋቸው ተቀመጡ። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለሕመሙ ስም ሰጥቶ በመዝገቡ ያሰፈረው 10 ዓመት ቆይቶ፣ በ1980 ነው። ወታደሮቹ ስሙን አልጠበቁም። እኛም ምን እንጠብቃለን? ተሰብስቦ መነጋገርን እንደሆነ ቡናችን ከማንም በላይ ያውቅበታል።

እድር ይህን አይችልም የሚል ካለ የኤችአይቪን ዘመን ያስታውስ። ሰው ታማሚ መንካት በሚፈራበት ጊዜ ብዙ እድሮች ቤት ለቤት እየሄዱ አስታመዋል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወር ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። ከመዋጮው ላይ ለሐኪም ቤት መመላለሻ ትንሽ ገንዘብ ለዩ። ቀጠሮውን የሚያስታውስና አብሮት ወረፋ የሚይዝ ሰው መድቡ፤ የዘመተ ጎረቤት ከተገኘ እሱ ይሁን። የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዛችሁ አስረዳን በሉት። ሚስቱንም ጠይቋት፤ እሷም አልተኛችም። «መኖር ሰልችቶኛል» ያለውን ለብቻው አትተዉት፤ ያኑ ቀን ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ልጆቹንም አደራ በሏቸው፤ ዘንድሮ ጅራፋቸውን ከዚያ ቤት ራቅ ብለው ያጩሁ።